ድሩ ያብራል፣ ፈታዩዋ ግን አታብርም



የዚህ ምሽት ጉባኤ አዘጋጆች ግብዣውን ሲያቀርቡ ያስቀመጡት ሐሳብ አጭር ነበር፤ ይኸውም ሰው በየቀኑ እያየው ልብ ከማይላቸው ፍጥረታት አንዱ ተመርጦ፣ የሙያው ሰው ላልሆነ አድማጭ በሚገባ ቋንቋ እንዲብራራ ነው። በዚሁ መሠረት የዛሬው ዲስኩር ስለ ሸረሪት ይሆናል። በዓለም ላይ ከ50,000 በላይ የሸረሪት ዝርያዎች ተመዝግበው ስለሚገኙ ሁሉንም በአንድ ምሽት ማንሳት አይቻልም፤ የተመረጠው ክብ ድር ከሚያደሩት ሸረሪቶች መካከል በሳይንሱ አጠራር ትሪኮኔፊላ የሚባለውና ድሩ በፀሐይ ሲታይ ወርቅ የሚመስለው ወገን ነው። ዲስኩሩ በቅድሚያ ድሩን፣ ቀጥሎ ድሩ የተሠራበትን ክር፣ ከዚያም ሰው ይህን ክር የራሱ ለማድረግ የደከመውን ድካም ይመለከታል፤ ስለ ሸረሪቷ ኑሮና በቅርብ ዓመታት ስላደረገችው ጉዞም ጥቂት ይባላል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረትና ምሳሌ ያልሰማ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም። በእድር ስብሰባ፣ በሠርግ ምርቃት፣ በማኅበር ምሥረታ ሁሉ ይነገራል፤ ትርጉሙም ከመደጋገሙ የተነሣ ለማንም ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው ተረቱ የተነሣበት ነገር ነው። ድር የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ቤት አለው፤ አንደኛው በሸማኔ ዕቃ ላይ በቁመት ተወጥሮ ማጉን የሚቀበለው ፈትል ሲሆን፣ ሁለተኛው በቤት ጥግና በአጥር ላይ የሚታየው የሸረሪት ሥራ ነው። መጽሐፈ ኢዮብ የዝንጉዎችን ተስፋ በሸረሪት ቤት ይመስላል፤ ከቅዱስ ቁርኣን ምዕራፎች በሸረሪት ስም የተሰየመው 29ኛውም ከቤቶች ሁሉ ደካማው የሸረሪት ቤት መሆኑን ያስተምራል። ባለተረቱ በአንጻሩ ያንኑ ደካማ ነገር ደርቦ ደራርቦ አንበሳ አሰረበት። ሁለቱም አነጋገሮች ልክ መሆናቸው ቆይቶ ይታያል። ይሁን እንጂ ተረቱ ስለ ድሩ ማበር እንጂ ስለ ፈታዩዋ ማበር አንድም ቃል አልተናገረም፤ ዝም ያለውም በደንብ አውቆ ይመስላል። ድሩ ያብራል፣ ፈታዩዋ ግን አታብርም፤ ሰው የሸረሪትን ክር እንደ ጥጥ የሚመረት ሸቀጥ ለማድረግ ለ300 ዓመታት ሞክሮ የተሸነፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባት በፊት ስለ ስያሜው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሸረሪት ነፍሳት ከሚባሉት ከንብና ከጉንዳን ጋር የምትቆጠር አይደለችም፤ ነፍሳት 6 እግር ሲኖራቸው ሸረሪት 8 እግር ያላት ስለሆነች ዝምድናዋ ከጊንጥና ከመዥገር ጋር ነው። ኔፊላ የሚለውን የወገን ስም እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዊልያም ሊች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1815 ያወጣው ሲሆን፣ ከግሪክኛ ተወስዶ «መፍተል የምትወድ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ለብዙ ዘመን ባለወርቃማ ድር ሸረሪቶች ሁሉ በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር፤ በ2019 ግን የዝርያ መዝጋቢዎች ዘራቸውን መርምረው አብዛኞቹን ትሪኮኔፊላ ወደሚባል ወገን አዛወሯቸው። የተጨመረው ቃል «ጠጉር» ማለት ነው፤ በብዙዎቹ ዝርያዎች ሴቶቹ እግር ላይ እንደ ካልሲ ተሰብስቦ የሚታየውን ጥቁር የጠጉር ጭፍቃ ያመለክታል። በዚህ ወገን ውስጥ 12 ያህል ዝርያዎች ይገኛሉ። አንዷ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እስከ አርጀንቲና ትኖራለች፤ ሌላዋ የጃፓን፣ የኮሪያና የቻይና ናት፤ በአውስትራሊያ፣ በማዳጋስካርና በደቡብ አፍሪካም አሉ። ትሪኮኔፊላ ሴኔጋሌንሲስ የተባለችው ዝርያ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኢትዮጵያ ተዘርግታ ስለምትገኝ፣ ነገሩ ለዚህ አዳራሽ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ ድሩ እንምጣ። በሽሮ ሜዳም ሆነ በዶርዜ መንደር ሸማኔ ሲሠራ ቆሞ ያየ ሰው ክብ ድርን ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዷል። ሸረሪቷ በመጀመሪያ ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ቀጭን ክር ለነፋስ ትለቃለች፤ ነፋሱ ክሩን ወስዶ ማዶ ካለው ዛፍ ወይም ከስልክ እንጨት ጋር ሲያያይዘው፣ ጠበቅ አድርጋ በላዩ እየተመላለሰች ታጠነክረዋለች። ከዚህ ድልድይ ተነሥታ ዙሪያውን ማዕቀፍ ትሠራለች፤ ከመካከሉም እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች ወደ ጠርዙ የሚሄዱ ክሮች ትዘረጋለች፤ እነዚህ የድሩ ድር ናቸው። ከዚያ ከመሐል ወደ ውጭ እየዞረች የማይጣበቅ ጊዜያዊ ክር ታዞራለች፤ ይህ ክር ግንበኛ ለመወጣጫ ከሚያቆመው የእንጨት መሰላል የሚለይ አይደለም። በመጨረሻም ከጠርዙ ወደ መሐል እየተመለሰች፣ በእግሯ ርቀቱን እየለካች፣ የሚጣበቀውን ክር ጠጋ ጠጋ አድርጋ ታዞራለች፤ ይህ ደግሞ የድሩ ማግ ነው። ሌሎች ክብ ድር ሠሪዎች የሚጣበቀውን ሲጨርሱ መወጣጫውን ያፈርሱታል፤ ትሪኮኔፊላ ግን እዚያው ትተወዋለች። በዚህ የተነሣ ድሯ በጠዋት ጤዛ ሲታይ በየመስመሩ ክፍተት ያለበት የሙዚቃ ኖታ መጻፊያ ወረቀት ይመስላል።

ሁለት ዓይነት ክር ያስፈለገው በከንቱ አይደለም። ድሩ ጠንካራና እምብዛም የማይለጠጥ ሆኖ የሚመጣውን ምት ይሸከማል፤ ማጉ በአንጻሩ ከርዝመቱ ከእጥፍ በላይ የሚለጠጥና ነጠብጣብ ሙጫ የተቀባ ስለሆነ፣ በፍጥነት የመጣችውን ንብ ሳይበጠስ ተቀብሎ እያበረደ ይይዛታል። ድሩ ብቻውን ቢሆን ንቧ ተመልሳ ትፈናጠር ነበር፤ ማጉ ብቻውን ቢሆን ደግሞ ይዟት ይወድቅ ነበር። የአዋቂዋ ድር ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል፤ ድልድዩ ከዚያ በብዙ ይረዝማል። ሌሎች ሸረሪቶች ድራቸውን በየሌሊቱ በልተው አዲስ ሲሠሩ፣ ይህች ግን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ታቆየውና ግማሽ ግማሹን እያደሰች ትኖራለች። መቀመጫዋም በትክክል መሐል ላይ ሳይሆን ወደ ላይኛው ጠርዝ ቀረብ ብሎ ነው፤ ራሷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትጠብቃለች። ወደ ታች መሮጥ ወደ ላይ ከመሮጥ ስለሚፈጥን፣ ሰፊው የማጥመጃ ክፍል ከበታቿ መሆኑ ይጠቅማታል።

ይህ የመሬት ስበት ጉዳይ ነው ከተባለ ስበት በሌለበት ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በ2011 የአሜሪካዋ ዝርያ፣ ትሪኮኔፊላ ክላቪፔስ፣ በኢንዴቨር መንኮራኩር ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተላከች፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆኑ እኅቶቿም በምድር ላይ በተመሳሳይ ሣጥን ውስጥ ተቀመጡ። ተመራማሪዎቹ ሁሉንም ሴቶች ናቸው ብለው የመረጡ ቢሆንም፣ ገና ለጋ ሳሉ ፆታቸውን መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ ሁለቱ ኋላ ወንድ ሆነው ተገኙ፤ ደግነቱ አንዱ በጠፈር፣ አንዱ በምድር ስለነበር ንጽጽሩ ሳይበላሽ ቀረ። በ2020 የታተመው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። በጠፈር የተሠሩት ድሮች እምብርታቸው ወደ መሐል እየቀረበ ይበልጥ የተመጣጠኑ ሆኑ፤ ነገር ግን መብራቱ በርቶ ሳለ የተሠሩት በምድር ላይ እንዳሉት ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ነበሩ። ስበት ሲጠፋ ሸረሪቷ የመብራቱን አቅጣጫ እንደ ላይ ቆጥራ ሥራዋን ቀጥላለች። ለሚሊዮኖች ዓመታት በስበት ሲመራ የኖረ እንስሳ፣ ያለ ስበት ሲቀር የሚመለስበት ሌላ ምልክት ማስቀመጡ ከዚህ ወገን ታሪክ ውስጥ እጅግ ከሚያስደንቁት አንዱ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ክሩ ነው። ሸረሪት ክር የምትሠራው ከሆዷ ውስጥ ባሉ እጢዎች ነው፤ እነዚህም በክብ ድር ሠሪዎች ዘንድ በዓይነት 7 ይሆናሉ። አንዱ ለድሩና ራሷ ለምትንጠለጠልበት ክር፣ ሌላው ለማጉ፣ ሌላው ለሙጫው፣ ሌላው የተያዘውን ለመጠቅለል፣ ሌላው ለእንቁላል መሸፈኛ እያለ ይሄዳል። በ2017 የክላቪፔስ ጂኖም፣ ማለትም የዘር መረጃዋ በሙሉ ሲነበብ፣ የሐር ፕሮቲን የሚያዝዙ 28 ጂኖች ተገኝተውባታል። ሐሩ በእጢው ውስጥ ሳለ ውኃ የበዛበት ወፍራም ፈሳሽ ነው፤ ቀጭንና የተጣጠፈ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ውኃው እየተመጠጠ፣ አሲድነቱ እየጨመረ፣ ፕሮቲኖቹም በመሳቡ ምክንያት እየተሰለፉ ይሄዱና ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጠጣር ክር ይሆናሉ። ከክሩ ውስጥ የተወሰነው ክፍል እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ተደራርቦ የጠጠረ ነው፤ ይህ ጥንካሬ ይሰጠዋል። የቀረው ልል ሆኖ የተጠማዘዘ በመሆኑ መለጠጥን ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ያለ እሳት፣ ያለ መርዛማ ኬሚካል፣ በተራ የአየር ሙቀት ነው። ፋብሪካ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ሊቀና ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መያዝ አለበት፤ የሸረሪት ክር አይገፋም፣ ይሳባል። ሸረሪቷ ክሩን እንደ ጥርስ ሳሙና ጨምቃ አታወጣውም፤ ወይ በኋላ እግሯ ትስበዋለች፣ ወይ ጫፉን አጣብቃ በክብደቷ ትወርድበታለች። እንዝርት ይዛ የምትፈትል ሴት ባዘቶውን በጣቷ እየሳበች ፈትሉን እንደምታቀጥነው ያለ ነው። የድሩ ክር ውፍረት የሰው ራስ ጠጉር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ሲበጠስ የሚሸከመው ጫና ከአረብ ብረት ጋር የሚወዳደር ሲሆን ክብደቱ የብረቱ አንድ ስድስተኛ ነው፤ እስኪበጠስ ድረስ የሚውጠው ጉልበት ደግሞ ጥይት መከላከያ ልብስ ከሚሠራበት ኬቭላር ይበልጣል። መጽሐፍ ደካማ ያለው አንዱን ቤት በአንዱ መጥረጊያ ሲያየው ነው፤ ባለተረቱ ጠንካራ ያለው በክብደቱ ልክ መዝኖት ነው። ወርቃማው መልክም ቀለም ተነክሮበት አይደለም፣ ከክሩ ጋር አብሮ የሚወጣ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ቢጫ አበባ የለመዱ ንቦችን እንደሚስብ፣ በጥላ ውስጥ ደግሞ ከቅጠሉ ጋር እንደሚመሳሰል ጥናት አሳይቷል።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ክር እየታየ ሰው ዝም ይላል ተብሎ አይጠበቅም፤ ሦስተኛውና ሰፊው ነጥብ ይህ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቦን የተባለ ፈረንሳዊ ከሸረሪት የእንቁላል ከረጢት ክር ፈትሎ የእግር ሹራብና ጓንት አሠራ። ነገሩ መነጋገሪያ ሲሆን የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ሬኦሚር የተባለውን ሊቅ መርምር ብሎ አዘዘው። ሬኦሚር ሸረሪቶቹን በአንድነት አስቀምጦ መመገብ ጀመረ፤ እነርሱ ግን የተሰጣቸውን ትተው እርስ በርሳቸው ተበላሉ። ለየብቻ ማስቀመጥ ደግሞ የማይቻል ወጪ ነበር፤ ባሰላው መሠረት አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሐር ለማግኘት ከ600,000 በላይ ሸረሪቶች ያስፈልጋሉ። የሐር ትል በአንድ ትሪ ላይ በመቶ ተሰብስባ ቅጠሏን ትበላለች። በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ሲሞከር የቆየችውና የጉሎ ቅጠል የምትበላው የኤሪ ሐር ትል ለገበሬ ቤት የተመቸችው ከጎረቤቷ ጋር መኖር ስለምትችል ነው። ሸረሪት ሥጋ በል ናት፤ ጎረቤቷን የምታየው እንደ ምሳ ነው።

ክሩን ከእንቁላል ከረጢት ሳይሆን ከራሷ ከሸረሪቷ ላይ መሳብ የተሻለ መሆኑ የታየው ቆይቶ ነው። በ1863፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል፣ በርት ዊልደር የተባለው ሐኪም 55ኛው ማሳቹሴትስ ከተባለው የጥቁሮች ክፍለ ጦር ጋር በደቡብ ካሮላይና ፎሊ በምትባል ደሴት ሰፍሮ ነበር። በዚያም ትልቅ ወርቃማ ሸረሪት አገኘና በድንኳኑ ውስጥ ከሆዷ የሚወጣውን ክር ይዞ ይጠቀልል ጀመር፤ በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥም 150 ያርድ፣ ማለትም ከ130 ሜትር በላይ ወርቃማ ሐር አወጣ። ክሩ የሚሳብ እንጂ የሚገፋ አለመሆኑን ካልያዝን ይህ ተአምር ይመስላል፤ ከያዝነው ግን ዊልደር ያደረገው የሸረሪቷን የኋላ እግር ተክቶ መሥራት ብቻ ነው።

ሥራው ወደ ዕደ ጥበብ የደረሰው ግን በማዳጋስካር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፖል ካምቡዌ የተባለው ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ የአገሩን ትሪኮኔፊላ ተመልክቶ ክር መሳቢያ ዘዴ ፈለገ፤ እርሱንና ሌሎችን ተከትሎ በአንታናናሪቮ 24 ሸረሪቶችን በአንድ ጊዜ የሚይዝ የእጅ መሣሪያ ተሠራ። ሸረሪቷ በወገቧ፣ ማለትም ደረቷና ሆዷ በሚገናኙበት ቀጭን ቦታ ላይ ሳትጎዳ ትያዛለች፤ ሆዷ በአንድ ወገን፣ እግሮቿ በሌላ ወገን ይሆናሉ፤ ይህም እግሯ ደርሶ ክሩን እንዳይበጥሰው ነው። በዚህ ዘዴ የተሠራ የአልጋ መጋረጃ በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተረሳ።

ከመቶ ዓመት በኋላ በማዳጋስካር የሚኖሩት እንግሊዛዊው ሳይመን ፒርስና አሜሪካዊው ኒኮላስ ጎድሊ ያንኑ መሣሪያ መልሰው ሠሩት። በየጠዋቱ ሠራተኞች ረጅም ዘንግ ይዘው ከስልክ እንጨቶችና ከዛፎች ላይ ሴት ሸረሪቶችን እየለቀሙ በሣጥን ያመጣሉ፤ ሸረሪቶቹ በየጎጇቸው 24 ሆነው ይያዛሉ፤ የ24ቱ ክር ተይዞ በአንድነት ይጠቀለላል፤ 4 እንዲህ ያለ ክር ደግሞ ተከርሮ 96 ነጠላ ክሮች ያሉት አንድ ፈትል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሸረሪቶቹ ወደ መጡበት ይለቀቃሉ፤ ከሳምንት ገደማ በኋላም እንደገና ክር ይሰጣሉ። ሥራው በዝናብ ወራት ብቻ የሚሄድ ነበር። በ4 ዓመት ውስጥ ከ1,000,000 በላይ ሸረሪቶች ተለቅመው ርዝመቱ 3.4 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር የሆነ ጥለታም ጨርቅ ተሠራ፤ በ2009ም በኒው ዮርክ በአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለእይታ ቀረበ። በ2012 ደግሞ ከ1,200,000 ያህል ሸረሪቶች ክር የተሠራ ካባ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ታየ። አንድም የቀለም ጠብታ አልተነከረበትም።

አድማጮች ይህን ጨርቅ በተረቱ መነጽር ቢመለከቱት፣ ድር በእርግጥ ያበረበት ሥራ መሆኑን ያያሉ፤ ብቻውን በነፋስ የሚንሳፈፍ ክር 96 ሆኖ ሲከረር በሸማኔ ዕቃ ላይ ተወጥሮ መወርወሪያ የሚመላለስበት ድር ሆነ። ሸረሪቶቹ ግን በዚያው መሣሪያ ላይ እንኳ እያንዳንዳቸው በተለየ ጎጆ መቀመጥ ነበረባቸው። አንድ ላይ ያበረው ክሩ ነው፤ ያስተባበረውም ሰው ነው። ለዚህም ነው ጨርቁ ሙዚየም የገባው እንጂ መርካቶ ያልወረደው።

ሳይንስ በሌላ በኩል ሸረሪቷን ትቶ ጂኗን መያዝ መርጧል። በ1990 ከክላቪፔስ የተገኘ የሐር ጂን ቁራጭ ከተነበበ ወዲህ ጂኑን በባክቴሪያ፣ በእርሾ፣ በሐር ትል፣ አልፎም በፍየል ውስጥ ማስገባት ተችሏል፤ ፍየሏ የሸረሪት ሐር ፕሮቲን በወተቷ ትሰጣለች። ይህን የሰማ አርብቶ አደር ቢስቅ አይፈረድበትም። ፕሮቲኑ ተገኘ ማለት ግን ክሩ ተገኘ ማለት አይደለም፤ በዚያ በተጣጠፈ ቱቦ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ በማሽን መድገም እስካሁን ከባዱ ፈተና ሆኖ ቆይቷል። የተሻለ ተስፋ የታየው ከሕያው ሸረሪት በተሳበው ክር ነው፤ በጀርመን በሃኖቨር ሕክምና ትምህርት ቤት የተሠራና በ2011 የታተመ ጥናት፣ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል የተቆረጠ የበግ ነርቭ በዚህ ክር ላይ ተደግፎ መልሶ እንዲያድግ ማድረግ እንደተቻለ አሳይቷል።

አሁን ጥቂት ስለ ኑሮዋ። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ሴቷ ነው፤ ወንዱ ከእርሷ ጋር ሲነጻጸር የሚታይ አይደለም። ሴቷ አካሏ ብቻ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ወንዱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ በአንድ ድር ጠርዝ ላይ ብዙ ወንዶች ሆነው ተራ ይጠብቃሉ፤ ብልጡ ወደ እርሷ የሚጠጋው ስትመገብ አይቶ ነው። ድሩ ላይ ሌላም ያልተጋበዘ አለ፤ አርጋይሮዴስ የሚባሉ ብርማ ቀለም ያላቸው ደቃቅ ሸረሪቶች በባለቤቷ ድር ላይ ተጠግተው ትናንሽ ምርኮዎችን ይሰርቃሉ። ሴቷ በአንድ ዘመን አድጋ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎቿን በወርቃማ ሐር ጠቅልላ ትሞታለች።

ስለ መርዟም መጠየቁ አይቀርም። መርዝ አላት፤ ሰውን ስትነክስ ግን ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከንብ መውጊያ ያነሰ ነው። በአገራችን ከንፈር ወይም ፊት ላይ ድንገት ሽፍታ ሲወጣ «ሸረሪት ሸናችበት» ማለት የተለመደ ሲሆን፣ የዚህ ዓይነቱ ቁስል ብዙውን ጊዜ የቫይረስ ወይም ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ሥራ ነው። ሸረሪት በማታውቀው ክስ ስትወነጀል ኖራለች።

ይህ ፍርሃት በቅርብ ዓመታት በባሕር ማዶ ሌላ መልክ ይዟል። ጆሮ በሚል የጃፓን ስም የምትታወቀው ትሪኮኔፊላ ክላቫታ በ2014 አካባቢ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ታየች፤ የመጣችው በዕቃ መጫኛ ኮንቴይነር ተሳፍራ እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ ወዲህ ወደ አጎራባች ግዛቶች ተስፋፍታለች። በአትላንታና በዙሪያዋ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በመስቀል ሰሞን ከበረንዳቸው ወጥተው ቢጫና ሰማያዊ ግራጫ የተዥጎረጎረች፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ሸረሪት በመኪናቸውና በዛፉ መካከል ተንጠልጥላ ሲያዩ መደንገጣቸው አይገርምም። ለሰው የምታሰጋ አይደለችም፤ የአካባቢውን ሸረሪቶች ቦታ ትቀማ ይሆን የሚለው ግን ተመራማሪዎችን በእውነት የሚያሳስብ ጉዳይ ነው። እርሷም እዚያ ለብቻዋ የምትኖር ስደተኛ ናት፤ ኅዳር ሲያበቃና ብርዱ ሲጠና ትሞትና እንቁላሏ ክረምቱን ያልፋል።

በመጨረሻም ይህን ዲስኩር የሚዘጋው ጉዳይ ትሪኮኔፊላ ኮማቺ የምትባለው ዝርያ ናት። አካሏ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ እግሯ ሲዘረጋ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ፣ በወገኑ ውስጥ ከታወቁት ሁሉ ትልቋ ናት። ይህን ያህል ግዙፍ ሸረሪት ሳይንስ ያወቃት በ2009 ብቻ ሲሆን፣ የተገኘችውም በጫካ ውስጥ አልነበረም። በ1978 በደቡብ አፍሪካ ተይዛ በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ፣ በፕሪቶሪያ አንድ የሸረሪት ስብስብ መደርደሪያ ላይ፣ ከ20 ዓመት በላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ ተመራማሪ ጠርሙሱን በ2000 ሲያገኘው የማትታወቅ ዝርያ መሆኗን ጠረጠረ፤ በሜዳ ፍለጋው አልተሳካም፤ ሁለተኛዋ ናሙና ከማዳጋስካር የመጣች ሆና በቪየና ሙዚየም ውስጥ ተገኘች፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌሎች ከደቡብ አፍሪካ የመጡት። በዚህ ሁሉ ዘመን የሸረሪቷን ማንነት ያቆየው በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው፤ የተያዘችበት ቦታና ቀን ተጽፎበት ነበር።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ለሚወጡ ወጣቶች አንድ ልመና ይቅረብ። በቆላው፣ በወንዝ ዳር ወይም በእርሻ አጥር ላይ በፀሐይ ወርቅ የሚመስል ሰፊ ድር ያየ ሰው ድሩን ሳይበጥስ በስልኩ ሸረሪቷን ከላይና ከታች ፎቶ ያንሳ፤ የቦታውን ስም፣ ቀኑንና ከምን ላይ እንደተንጠለጠለች ጽፎ በአራት ኪሎ ለሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያድርስ። ቀን ያልተጻፈበት ፎቶ ለማንም አይጠቅምም።